ነቀዝ፣ ጎታና ቅጠል

የደጋ ገበሬ እህሉን ከአውድማ ወደ ቤት የሚያስገባው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ሰሞን ገበያው በእህል ይጥለቀለቃል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ ደግሞ ጎተራው ይሟጠጣል፤ ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። በመካከል ባሉት ወራት እህሉን ማቆየት የቻለ ቤተሰብ ይጠቀማል፤ ያልቻለው በርካሽ የሸጠውን መልሶ በውድ ይሸምታል። ለብዙ ዘመን ይህን ልዩነት ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ቁመቱ ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ፣ ጥቁር ቡናማ፣ አፈ ሹል ነፍሳት ነው፤ ነቀዝ።

ሴቷ ነቀዝ በበቆሎ ወይም በስንዴ ፍሬ ላይ ትቆምና በሹል አፏ እየፈለፈለች ትንሽ ቀዳዳ ትከፍታለች። አንድ እንቁላል ትጥልበታለች፤ ከዚያም ከሰውነቷ በሚወጣ ሙጫ መሰል ፈሳሽ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ሙጫው ሲደርቅ ከፍሬው ቆዳ ጋር ስለሚመሳሰል በዓይን አይለይም። እጩ እዚያው ተፈልፍሎ፣ የፍሬውን ሆድ እየበላ ያድጋል። በሞቃት ቦታ በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ክንፍ ያበቀለ ነቀዝ ሆኖ ቅርፊቱን በስቶ ይወጣል። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ከመቶ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ገበሬው የተበሳ ፍሬ ባየ ጊዜ እንግዲህ ጥፋቱ ከተፈጸመ ሰንብቷል፤ ጤነኛ የሚመስለው ፍሬም እጭ አርግዞ ሊሆን ይችላል። እህልን ከነቀዝ የመጠበቅ ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ችግር ዙሪያ ነው።

ችግሩ ጥንታዊ ነው። በግብፅ በሰቃራ፣ በደረጃው ፒራሚድ ሥር ካለ መቃብር የተገኙ የእህል ነቀዞች ከ4,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ይህ የጎተራ ነቀዝ የሚባለው ዓይነት መብረር አይችልም፤ ከአገር አገር ያዞረው ሰው ራሱ ነው፣ ከእህሉ ጋር በጭነትና በመርከብ እየወሰደ። በግብፅ ምድር ለሰባት የርሃብ ዓመታት እህል ስላከማቸው ስለ ዮሴፍ የሚያውቅ ሰው ያ ሁሉ እህል ሳይነቅዝ እንዴት ቆየ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በሱረቱ ዩሱፍ የሰፈረው ምክር እህሉን ከነዛላው ማስቀመጥ ነው። ተመሳሳዩ ዘዴ በኢትዮጵያ ገጠርም የታወቀ ነው፤ ለዘር የተመረጠ በቆሎ ከነሽፋኑ ይታሰርና ከምድጃው በላይ ከጣሪያው ይንጠለጠላል። ሽፋኑ ነቀዙን ያዘገየዋል፣ ጭሱ ያርቀዋል፣ ሙቀቱ ፍሬውን ያደርቀዋል።

ሮማውያንም ስለ ጉዳዩ ጽፈዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ካቶ ለባለርስቶች ባዘጋጀው የግብርና መጽሐፍ፣ የወይራ ዘይት ተጨምቆ ሲያልቅ የሚቀረውን መራራ ዝቃጭ ከገለባ ጋር አቡክቶ የጎተራውን ግድግዳ መምረግ ነቀዝንም አይጥንም እንደሚከላከል ይመክራል። ምርጊቱ ከደረቀ በኋላ የሚገባው እህል የበረደ መሆን እንዳለበትም ያስጠነቅቃል። ከእሱ በኋላ የመጣው ቫሮ ደግሞ በቀጰዶቅያና በትራቄ ሰዎች እህል በመሬት ጉድጓድ እንደሚያኖሩ፣ በዚህ መንገድ ስንዴ 50 ዓመት እንደሚቆይ ይናገራል። አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያም ያክላል፤ ጉድጓዱ እንደተከፈተ ወዲያው የገቡ ሰዎች ታፍነው ሞተዋልና ቆይቶ መግባት ይሻላል ይላል።

ቫሮ የገለጸውን የመሰለ ጉድጓድ በሐረርጌ እስከ ዛሬ ይቆፈራል። ገበሬው በተለይ ማሽላውን የሚያኖርበት ይህ ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። እህሉ ከተሞላ በኋላ አፉ በእንጨትና በድንጋይ ይከደንና በጭቃና በአፈር ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚሠራው አየሩ ነው። እህሉና ከእህሉ ጋር የተቀበሩት ነፍሳት እየተነፈሱ ኦክስጅኑን ይጨርሳሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፤ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ሰውን የሚያሰጋውም ይኸው አየር ስለሆነ ጉድጓዱ ሲከፈት ክፍቱን ቆይቶ እስኪናፈስ ይጠበቃል። ጉድጓዱ ሌላም ጥቅም ነበረው። ዘማች ሠራዊት በየባላገሩ ቤት ተሰርቶ በሚቀለብበት ዘመን በመሬት ውስጥ የተቀበረ እህል ከዓይን የተሰወረ እህል ነበር።

የጉድጓዱ ጠላት እርጥበት ነው። ዝናብ ከላይ ሰርጎ ወይም ከዳር ያለው አፈር ረጥቦ እንደሆነ በግድግዳውና በአፉ አካባቢ ያለው ማሽላ ይሻግታል፤ ቀለሙና ጣዕሙ ይለወጣል፤ ለዘርም አይሆንም። ጉዳዩ ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ኖሯል። በ2004 እ.ኤ.አ. በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ አንድ የዶክትሬት ጥናት በሐረርጌ የማሽላ አከማቸት ዘዴዎች በእህሉ ጥራት ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ ለብቻው መርምሯል።

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ግን እህል የሚቀመጠው ከመሬት በላይ ነው። ከቤት ውጭ ጎተራ አለ፤ ከእንጨትና ከሸምበቆ ተጎንጉኖ፣ በጭቃና በእበት ተመርጎ፣ በድንጋይ ወይም በግንድ ላይ ከፍ ብሎ የሚቆምና የሣር ክዳን የሚደፋበት። አዲስ አበባ ውስጥ ጎተራ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው በዚያ ከተሠራው ግዙፍ የእህል ማከማቻ ነው። ከቤት ውስጥ ደግሞ ጎታና ድብኝት አሉ። የእነዚህ ባለሙያ በአብዛኛው ሴት ናት።

ጎታ አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጭቃው ከጤፍ ጭድና ከከብት እበት ጋር ተቦክቶ ይሰነብታል። ከዚያ ግድግዳው እርከን በእርከን ይነሳል፤ የታችኛው ሳይጠነክር የላይኛው ከተጨመረ ይንዳልና አንዱ እስኪጠፈፍ ሌላው ይቆያል። ከሥር በኩል እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይተውለታል፤ በጨርቅ ወይም በጭቃ ውታፍ ይደፈናል። እህሉ የሚቀዳው በዚህ ቀዳዳ ስለሆነ የላይኛው አፍ እንደተመረገ ይቆያል፤ አሮጌው ቀድሞ ይወጣል፣ አየርም ብዙ አይገባም። ጭዱ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል። የካቶ ምርጊት ገለባ የተቀላቀለበትም ለዚሁ ነበር።

የእህሉ ዓይነትም ከእቃው እኩል ይታሰብበታል። ጤፍ በነቀዝ አይደፈርም። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ነው፤ 1,000 ፍሬ አንድ ላይ ቢመዘን ከግማሽ ግራም በታች ነው፤ እጭ ሊያድግበት የሚችል ሆድ የለውም። ገበሬዎች ይህን ዐውቀው ጤፍን ለሌላው እህል ጠባቂ አድርገውታል። ሽምብራ ወይም በቆሎ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ሲቀመጥ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል፤ ነቀዙ መንቀሳቀሻም፣ ከእንስቷ ጋር መገናኛም ያጣል። በሚፈለግበት ጊዜ በወንፊት ይለያያሉ፤ ከሁለቱም የሚጣል የለም።

ወንፊት ያልተመቸው ደግሞ አመድ ይጨምራል። የተነፋ አመድ በእህሉ መካከል ገብቶ ክፍተቱን ይደፍናል፤ የነፍሳቱን ቆዳ የሚሸፍነውን ቀጭን ሰም ፍቆና መጦ የሰውነታቸውን ውሃ ያሟጥጣል። ነቀዙ በጥማት ይሞታል ማለት ነው።

ቅጠሉና ጭሱ የሚገቡት በዚህ ሁሉ መሐል ነው። አዲሱ እህል ከመግባቱ በፊት ጎታው ይጠረጋል፤ በየስንጥቁ የተሸጎጠው የአምና ዱቄትና ነቀዝ ተለቅሞ ይቃጠላል፤ ውስጡ በአዲስ እበት ይለቀለቃል። ጥንጁት ወይም ወይራ ባለበት አገር በጭሱ ይታጠናል። የወተትና የጠላ ዕቃ የምታጥነው ያችው የቤት እመቤት ናትና የትኛው እንጨት ምን ያህል እንደሚጨስ አታጣውም። እህሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ ይደርቃል፤ ከዚያ እስኪበርድ ይቆያል። ሲገባ ከሥሩ የደረቀ ቅጠል ይነጠፋል፤ በየመሐሉም ይጨመራል። ቅጠሉ እንደየአገሩ ይለያያል። በአንዱ ቦታ ብሳናና ግራዋ፣ በሌላው ባሕር ዛፍ፣ በቆላው ኒም፣ በአንዳንድ ቤት ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የሚጥሚጣ ዱቄት ይገባል።

ይህን ዝርዝር በጥሞና የሚያይ ሰው ልማዱ ከአያት ቅድመ አያት ሳይለወጥ የወረደ ነው ለማለት ይቸገራል። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባ የተተከለው በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ኒም የህንድ ክፍለ አህጉር ዛፍ ነው። የውጭ ሰዎች የሜክሲኮ ሻይ የሚሉት፣ ሽታው የሚከረፋውና በምዕራብ ኢትዮጵያ የእርሻ ዳር አረም የሆነው ተክል ከአሜሪካ የመጣ ነው። በቆሎና ቦሎቄም የአሜሪካ ሰብሎች ናቸው። የባሕር ማዶ እህል የራሱን ተባይ ይዞ ሲገባ፣ ገበሬው በአጠገቡ ያገኘውን የባሕር ማዶ ቅጠል ሞክሮ የሠራለትን አስቀረ፣ ያልሠራለትን ተወ። የተጻፈ መዝገብ ባይኖርም ይህ ሙከራ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህን የሚያስረሳ ነገር መጣ። የስዊዘርላንዱ ኬሚስት ፖል ሙለር የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት በ1939 እ.ኤ.አ. አገኘ፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። በ1950ዎቹ ማላታዮን ተከተለ፤ ፎስፊን ጋዝ የሚለቀው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒንም በሰፊው መሸጥ ጀመረ። ለትላልቅ መጋዘኖች ይህ ታላቅ ዕድል ነበር። በሸራ የተሸፈነ የእህል ክምር በጥቂት ቀን ውስጥ ይጸዳል፤ ጋዙ በፍሬው ውስጥ ያለውን እጭ ሳይቀር ይገድላል። ዱቄቱም ክኒኑም ወደ ገጠር ገበያ ወረዱ። አንድ እሽግ የሚረጭ ዱቄት የገዛ ሰው ጎታ ማጠን፣ አመድ መንፋት፣ ቅጠል ማድረቅ አያስፈልገውም መሰለው።

ቅር የሚያሰኘው ነገር ብዙም ሳይቆይ ታየ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1972 እና በ1973 እ.ኤ.አ. በብዙ አገሮች ያካሄደው ጥናት፣ የጎተራ ተባዮች ማላታዮንን በሰፊው እንደተላመዱት፣ ፎስፊንን መቋቋም የጀመሩም እንዳሉ አሳየ። ጋዙ አየር በማያስገባ ሸራ ሥር ለበቂ ቀናት ካልቆየ ደካማውን ነቀዝ ይገድልና ጠንካራውን ለዘር ያስቀራል። የገጠር ቤት ደግሞ አየር እንዳይወጣ አድርጎ መዝጋት አይቻልም። ሰው በሚተኛበት ክፍል የተቀመጠ የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን እርጥበት እንዳገኘ የሚለቀው ጋዝ ነቀዙን ብቻ አይመርጥም፤ ሕፃናትን ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ሜቲል ብሮማይድ የተባለው ሌላው የመጋዘን ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንዲቀር ተደረገ፤ ለታዳጊ አገሮች የተሰጠው ቀነ ገደብ 2015 እ.ኤ.አ. ነበር። ዲዲቲም በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ስምምነት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ከመከላከል ላልዘለለ አገልግሎት ተገደበ።

ሳይንቲስቶች ወደ ቅጠሉ ዘወር ያሉት እነዚህ ችግሮች በተደራረቡበት ዘመን ነው። አቅጣጫውን የሚያሳይ ምሳሌ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ፤ ከዚያ የልብስ ማጠቢያ ልማድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የመግደል ምርምር ተወለደ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሽሙተረር ደግሞ በ1959 ሱዳን ውስጥ የአንበጣ መንጋ ሁሉን ሲያወድም የኒም ዛፎች ብቻ ሳይነኩ መቅረታቸውን አይቶ ዕድሜውን ሙሉ ኒምን አጠና። ሁለቱም የተነሱት ሰው ሁሉ ከሚያልፍበት ቦታ፣ ሰው ሁሉ ከሚያየው ነገር ነው።

በመዓዛማ ቅጠሎች ላይ የተደረገው ሥራ በ1990ዎቹ ተፋፋመ። በእስራኤል የቮልካኒ ማዕከል ተመራማሪ ኤሊ ሻአያና ባልደረቦቹ በ1991 ከመዓዛማ ተክሎች የተጣሩ ዘይቶች እንፋሎት አራት ዋና ዋና የጎተራ ተባዮችን እንዴት እንደሚገድል አሳተሙ። በፈረንሳይ ካትሪን ሬኞ-ሮዤ የሜዲትራኒያን አገር ቅመሞችን፣ ከእነሱም መካከል የጦስኝን ዘመዶች፣ በቦሎቄ ነቀዝ ላይ ሞከረች። በሩዋንዳ ገበሬዎች ከእህል ጋር የሚያኖሩት የበሶብላ ዘመድ ቅጠልም ተመርምሮ ኃይሉ በአብዛኛው ሊናሎል ከተባለ ውሕድ እንደሚመጣ በ1991 ተገለጸ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ በቀለ ጀምበሬ ደግሞ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር፣ በምሥራቅ አፍሪካ የሚበቅል ሌላ የበሶብላ ዘመድ ቅጠል የበቆሎ ነቀዝን ጨምሮ በሦስት ዋና ዋና ተባዮች ላይ ያለውን ኃይል በ1995 አሳተመ። በአገር ውስጥ በባኮ የተካሄዱ ሙከራዎች የኒም ፍሬና የሜክሲኮ ሻይ ዱቄት በበቆሎ ነቀዝ ላይ እንደሚሠሩ አሳዩ። በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማ ተክሎችን የማባዛትና ዘይታቸውን የማጣራት ሥራ ይካሄዳል።

ታዲያ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ ጠጅ ሣርና ባሕር ዛፍ በጣት ሲታሹ የሚሰጡት ሽታ በቅጠሉ ላይና ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ከተጠራቀመ ዘይት የሚወጣ ነው። ዘይቱ በእንፋሎት ይጣራል፤ ቅጠሉ በፈላ ውሃ እንፋሎት ይታጠንና እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። የባሕር ዛፉ ዘይት ዋና ውሕድ ሲኒዮል ይባላል፤ የጦስኝ ታይሞልና ካርቫክሮል፣ የጠጅ ሣር ሲትራል ናቸው። እነዚህ ውሕዶች ቀላልና በናኝ ስለሆኑ በነቀዙ ጎንና ጎን ባሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ይገባሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ የነርቭ መልእክት የሚያስተላልፉ ኬሚካሎችን ሥራ ያዛባሉ፤ በተለይ ኦክቶፓሚን የተባለውን። ኦክቶፓሚን ለነፍሳት ዋና ነው፤ በሰውና በከብት አካል ውስጥ ግን ያን ያህል ቦታ የለውም። ብዙዎቹ መዓዛማ ዘይቶች ለነቀዝ መርዝ፣ ለሰው ቅመም ሊሆኑ የሚችሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መብነኑ ግን ድክመትም ነው። በምርምር ቤት በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ነቀዝን በአንድ ቀን የፈጀ ዘይት በእህል በተሞላ ጆንያ ላይ ሲሞከር ይዳከማል። እህሉ ራሱ ዘይቱን ይመጠዋልና መጠኑ ብዙ ጊዜ እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ቀሪው በጆንያው ቀዳዳ ሁሉ ይተናል። በፍሬው ውስጥ የተቀበረው እጭም ከጎልማሳው ነቀዝ ይበልጥ ይቋቋማል። ብዙ ከተጨመረ ደግሞ ሽታው በዱቄቱ ላይ ይቀራል፤ ዘሩም የመብቀል ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ተፈጥሯዊ ሁሉ ደህና ነው ማለትም ስሕተት ነው። የሜክሲኮ ሻይ ዘይት በአንድ ወቅት ለሆድ ትል መድኃኒት ሆኖ ይሰጥ ነበር፤ መጠኑ ጥቂት ሲያልፍ ስለሚመርዝ ተትቷል። የብሳና ፍሬም ኃይለኛ አስቀማጭ ነው። ለዘር የሚቀመጥ እህልና ለምግብ የሚቀመጥ እህል አንድ ዓይነት እንክብካቤ አይደረግላቸውም።

የማይበነው ዘይት ታሪኩ ሌላ ነው። የምግብ ዘይት በመዓዛው አይገድልም፤ የሚሠራው በመሸፈን ነው። የሽምብራና የቦሎቄ ነቀዞች እንደ በቆሎው ነቀዝ ፍሬውን አይፈለፍሉም። የሽምብራው ነቀዝ እንቁላሉን ከፍሬው ቆዳ ላይ ይለጥፋል፤ የቦሎቄዎቹም ከውጭ ይጥላሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያና በናይጄሪያ በተደረጉ ሙከራዎች ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ያህል የምግብ ዘይት በደንብ ታሽቶ ሲቀባ እንቁላሎቹ እንደሚታፈኑ ታየ። ለጥቂት ኪሎ የዘር ሽምብራ ወይም ቦሎቄ ይህ በማንኛውም ቤት የሚቻል ነው፤ ለኩንታሎች ግን ዘይቱ ከእህሉ ይወደዳል።

በዘመናችን ለገበሬው ትልቅ ለውጥ ያመጣው ግኝት በመጨረሻ የመጣው ከጉድጓዱ ወገን ነው። የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ሆነው ባለ ሦስት ድርብ ጆንያ አዘጋጁ። ውስጡ ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢቶች፣ ውጭው የተለመደው የተጠለፈ ጆንያ ነው። እያንዳንዱ አፉ ለብቻው ይታሰራል። በውስጡ የቀሩት ነፍሳት ኦክስጅኑን ሲጨርሱ መብላትም መራባትም ያቆማሉ፤ ያለምንም ኬሚካል። ፒክስ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ከረጢት በኢትዮጵያ ገበያም ይሸጣል። የሐረርጌ ገበሬ ከመሬት በታች የሚያደርገውን ይህ ከመሬት በላይ ያደርገዋል፤ የጉድጓዱን እርጥበት ግን አያመጣም። የላስቲኩ ድክመት አይጥና ስለታም ፍሬ ነው፤ አንድ ቀዳዳ አየሩን ያስገባል። ያልደረቀ እህል ከገባበት ደግሞ ይሻግታል፤ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች የወረደ እህል ነው የሚስማማው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ቅጠሉ ብቻውን ጎታ የጠበቀበት ጊዜ የለም። የቤት እመቤቷ ጎታውን ጠርጋ፣ አጥና፣ እህሉን አድርቃና አብርዳ፣ አመዱን ነፍታ፣ አፉን መርጋ ነው ቅጠሉን የምትጨምረው። ርካሽ የመርዝ ዱቄት ወይም ክኒን ይህን ሰንሰለት በአንድ እርምጃ ሊተካው ሞከረ፤ የተከተለውም ታየ። መዓዛማ ዘይትን ከቅጠሉ አውጥቶ በጠርሙስ ከማድረግ ብዙ የሚጠብቁ ሰዎችም ያንኑ ስሕተት እንዳይደግሙት ያሰጋል። ዘይቱ የሚያዋጣው ባዶውን ጎታ፣ የመጋዘኑን ስንጥቅና የጆንያውን ጨርቅ ለማጽዳት፣ ለዘር እህልም አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ከድርቀት ጋር ተባብሮ ሲሠራ ነው። ለዚያ የሚሆኑት ተክሎች በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ ሞልተዋል፤ አንዳንዶቹ የጦስኝና የኮሰረት ዓይነቶች እንዲያውም አገር በቀል ናቸው።

የጎደለው መዝገብ ነው። ጎታ መሥራት የሚችሉት፣ የትኛው ቅጠል ለየትኛው እህል፣ በየትኛው ወር ተቆርጦ፣ በጥላ ወይስ በፀሐይ ደርቆ እንደሚገባ የሚያውቁት እናቶች በየዓመቱ እየተመናመኑ ነው። የግብርና ባለሙያዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በከተማ የሚኖሩ የገበሬ ልጆች ወደ ትውልድ መንደራቸው ሲሄዱ ይህን ይጠይቁ፤ የተክሉን ስምና መጠኑን ይጻፉ፤ ናሙናውን ለምርምር ማዕከላት ያድርሱ። የነቀዝ ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት እንዳይገባም ለዘመዶቻቸው በግልጽ ይንገሩ። እህሉን ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ዛሬም ያው ነው፦ ጎታውን ማጽዳት፣ እህሉን ማድረቅ፣ አየሩን መዝጋት፣ ቅጠሉን ከዚያ በኋላ መጨመር።